በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሹፌር ምን ይፈረድበት?

(ማንኩሳ ላይ ለገበሬዎች፣ ለተማሪዎችና ለመኪና ነጂዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ መኪና አደጋ ነው። እኔ ግን ከአደጋው በኋላ ስለሚመጣው ነገር፣ ማለትም ስለ ፍርዱ መናገር እመርጣለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ስለ ጥንቃቄ ብቻ ማውራት ለሟች ልጆች እንጀራ አይሆንም። ጥያቄው ይኸ ነው፤ ለመግደል ሳያስብ፣ ነገር ግን መጠንቀቅ ሲገባው ሳይጠነቀቅ ቀርቶ የሰው ሕይወት ያጠፋ ሹፌር ምን ቢፈረድበት ትክክል ይሆናል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አባይን የሚሻገረው መንገድ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ማንኩሳ ይደርሳል። ከዚህ ወደ ቡሬ ያልፋል፤ ከቡሬም አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ በቆሎና በርበሬ የጫነው፣ ሲሚንቶና ነዳጅ የጫነው፣ ሕዝብ ማመላለሻው፣ አባዱላው፣ ባጃጁ ሁሉ ይተላለፋል። በዚሁ መንገድ ዳር ደግሞ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶች ወደ ገበያ፣ ከብቶች ወደ ውኃ ይሄዳሉ። አስፋልቱ አንድ ነው፤ ተጓዡ ግን አንዱ ብረት ለባሽ፣ ሌላው ነጠላ ለባሽ ነው።

የማንኩሳን ስም መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ የትውልድ አገር ማንኩሳ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰው ከአገር አገር የሚጓዘው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው። በቅሎ የራሷ ዓይን አላት። ጌታዋ ኮርቻ ላይ ቢያንቀላፋ እንኳ ገደሉን አይታ ትቆማለች። መኪና ግን ዓይኑ የሹፌሩ ዓይን ነው። እሱ ካንቀላፋ መኪናውም ታውሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አደጋ በደረሰ ቁጥር በእኛ አገር የምትነገር አንዲት ቃል አለች፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» ትባላለች። ለቀስተኛው ይላታል፣ ሽማግሌው ይላታል፣ ሹፌሩም ይላታል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከሆነ መልካም ቃል ናት፤ እኔም ለቅሶ ቤት ሄጄ እላታለሁ። ግን ከለቅሶ ቤት ወጥታ ሽምግልና መሐል ስትገባ፣ ከዚያም አልፋ የምስክር አፍ ስትዘጋ ሌላ ነገር ትሆናለች። ጥፋተኛውን መሸሸጊያ ትሆናለች።

እስቲ ቀኑን ትተን በቁጥር እንነጋገር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ ሕፃን መንገድ ውስጥ ሲገባ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ገና ፍሬን ሳይዝ 22 ሜትር ሄዷል። ከዚያም ፍሬኑ ደህና፣ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን እንኳ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በጠቅላላው በ20 ሜትር ውስጥ ይቆማል። እንግዲህ ልጁ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ቢወጣ፣ በ40 ይነዳ የነበረው ሹፌር ልጁ ዘንድ ሳይደርስ 10 ሜትር ተርፎት ይቆማል፤ ምናልባት በመስኮት ብቅ ብሎ ይቆጣዋል። በ80 ይነዳ የነበረው ግን ልጁን ሲገጨው ገና በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት አለው። ልጁ ያው ልጅ ነው፣ ቀኑም ያው ቀን ነው። የተለየው የሹፌሩ እግር ነው። ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ሲሆን፣ ወይም ዝናብ ሲሆን፣ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከዚህም ይረዝማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ስለ አገራችን ደግሞ ይኸው ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 በፖሊስ የተመዘገበው ሟች ከ4,300 ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ያስደነግጣል። ድርጅቱ እንደሚለው ከሆነ ከስድስቱ ሟች አምስቱ መዝገብ ላይ የለም። መዝገብ ላይ ለሌለ ሟች ደግሞ ማን ይከሰሳል? ማንስ ካሳ ይከፍላል?

አባቶቻችን መኪና አያውቁም ነበር፤ ቸልተኝነትን ግን ያውቁ ነበር። ኦሪትን የሚያነብ ሰው ሁለት ነገሮች ያገኛል። አንደኛው የመጥረቢያው ነገር ነው። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ጫካ ገቡ እንበል። የአንደኛው መጥረቢያ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ገዳዩ ከደም ተበቃይ ወደሚድንበት ከተማ ሸሽቶ እንዲገባ ሕጉ ያዛል። ጠላቱ አልነበረም፣ አስቦም አላደረገውም ማለት ነው። ሁለተኛው የበሬው ነገር ነው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፣ ባለቤቱ ግን ነፃ ነው። ነገር ግን በሬው ከዱሮውም ወጊ ከነበረና ለባለቤቱ ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ባለቤቱም በደም ይጠየቃል።

እናንተ ገበሬዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ወጊ በሬ ያለው ሰው ቀንዱን ይቆርጣል፣ ወይም በገመድ ያስራል፣ ወይም ሸጦ ይገላገላል። «ዛሬ አይወጋም» ብሎ ገበያ መሐል አይለቀውም። ፍሬኑ እንደሚከዳው እያወቀ፣ ጎማው እንዳለቀ እያየ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ ዓይኑ እየተጣበቀ መኪና የሚያስነሣ ሰው ወጊ በሬ ፈትቶ እንደሚለቅ ሰው ነው። ድንገት ከገደል ተንከባሎ የመጣ ድንጋይ መሪውን ያስጣለው ሹፌር ግን መጥረቢያው እንደ ወለቀበት ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ግፍ ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ተረትም አለ። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ሳለ ወድቆ ከሥር የነበረውን ሰው ገደለ አሉ። የሟች ዘመዶች «ካሳ አንቀበልም፣ ደም በደም ይመለስ» ብለው ንጉሥ ዘንድ ቀረቡ። ንጉሡም «መልካም፤ እሱ ከዛፉ ሥር ይቁም፣ ከእናንተ አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይውደቅበትና ይግደለው» ብለው ፈረዱ ይባላል። ዘመዶቹም ካሳውን ተቀብለው ሄዱ። ተረቱን ስንሰማ እንስቃለን፤ ፍርዱም ብልህ ፍርድ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ተረቱ ቅርንጫፉ የተሰነጠቀ ስለ መሆኑ፣ ለሰውየው «አትውጣ» ተብሎ ስለ መነገሩ፣ አረቄ ጠጥቶ ስለ መውጣቱ ምንም አይልም። ይህ ቢጨመርበት ንጉሡ ሌላ ፍርድ ይፈርዱ ነበር ብዬ አስባለሁ። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን አውቆ የገደለንና ሳያውቅ የገደለን ለይቶ ነው የሚያይ።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተሽሮ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ነው። ይህ ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ዓይነት ቸልተኛ አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የሚደፍር ነው። ሌላው ደግሞ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ጭራሹን ሳያስበው የሚቀር ነው። ጠመዝማዛ ላይ ወደፊት ሳይታየው ሌላ መኪና የሚቀድም ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ስልኩን እያየ ከመንገድ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ዳኛው ጥፋቱን ሲመዝን የሰውየውን ዕድሜ፣ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ያያል። ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር «አላወቅሁም» ቢል ማን ይሰማዋል?

ቅጣቱ በአንቀጽ 543 ተጽፏል። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ማንኛውም ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ገዳዩ ግን የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ሕጉ እንደ ምሳሌ ሐኪምንና ሹፌርን በስም ይጠራል፣ ቅጣቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይሆናል። ጥፋቱ የከበደ ሲሆን ደግሞ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይመጣል። የከበደ የሚባለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆነ ብሎ የጣሰ እንደሆነ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን ያሳተ እንደሆነ ነው።

እኔ ይህን ሕግ በደህና ጎኑ አየዋለሁ። ሹፌርና ሐኪምን አንድ ላይ ማስቀመጡ ደስ ይለኛል። ሹፌር መሪ ሲይዝ የሰው ነፍስ ይይዛል፤ ልክ ሐኪም ቢላዋ ሲይዝ እንደሚይዘው። በእኛ አገር ሹፌርን «ባለሙያ» ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው። ሕጉ ግን ጠርቶታል። ሲጠራው ግን በክብር ብቻ አይደለም፤ የባለሙያ ዕዳም አሸክሞታል።

ነገር ግን ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው የብሩ ነገር ነው። ሕጉ ሲወጣ 6,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ደህና ሙክት አይገዛም። መኪና ያለው ወይም ጥሩ ጉርሻ የሚያገኝ ሰው ይህን ብር ለመክፈል ኪሱን ሁለት ጊዜ አይዳብስም። መቀጮ በብር ቁጥር ሲጻፍ ብሩ እያረጀ ይሄዳል፤ ሟች ግን አያረጅም። መጠኑ በጊዜው ካልተሻሻለ ቅጣትነቱ ቀርቶ ቀረጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የሟቾች ቁጥር ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የአባዱላ ሹፌር በሥርዓት ሲነዳ ቆይቶ ለአፍታ ዓይኑን ከመንገድ ቢያነሣና መኪናው ተገልብጦ ሁለት ተሳፋሪ ቢሞት፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት ይጀምራል። ሌላው ደግሞ እንቅልፍ እየጣለው፣ ረዳቱ «እረፍ» እያለው እምቢ ብሎ ነድቶ አንዲት መንገደኛ ብቻ ቢገድል፣ ዓቃቤ ሕጉ ደንብ ሆነ ብሎ መጣሱን ካላስረዳ በቀር ቅጣቱ ከ1 ዓመት ይጀምራል። የማን ጥፋት ይበልጣል? የሁለተኛው ይመስለኛል። ስንት ሰው ሞተ የሚለው ለሐዘኑ ልክ ነው፤ ለጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከአንድ መኪና ውስጥ ስንት ሰው ተርፎ እንደሚወጣ ሹፌሩ አይወስነውም። ምን ያህል ሰዓት እንደ ነዳ፣ ምን ያህል እንደ ጠጣ፣ ምን ያህል እንደ ሮጠ ግን እሱ ይወስነዋል። ስለዚህ ዳኞች በሕጉ መሐል ያለውን «ደንብ ሆነ ብሎ መጣስ» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገው ቢይዙት ፍርዱ ወደ እውነት ይቀርባል እላለሁ።

«ኧረ ለምን ይታሰራል፣ ይሰቀል እንጂ!» የሚል ሰው መኖሩን አውቃለሁ። ልጁ የሞተበት አባት እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ሹፌር በፍጥነት የሚነዳው እስራቱን ከስቅላት ጋር አወዳድሮ እስራቱ ስለ ቀለለው አይደለም። «እኔ አልገጭም» ብሎ ስለሚያምን ነው። ለማይመጣበት ነገር ቅጣቱን መቶ እጥፍ ብታደርጉትም አይሰማውም። የሚሰማው በየኬላው የሚያቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሲኖር ነው፤ ደግሞም ጉቦ የማይቀበል ትራፊክ ፖሊስ። ሰው ሳይገድል በፊት፣ ገና በፍጥነቱ ጊዜ መንጃ ፈቃዱን የሚያሳጣው ቅጣት ቢመጣበት ያን ጊዜ ያስባል። በሌላ በኩል «የሹፌርነት ዕጣ ነው፣ ይማር» ብሎ በገደብ አሰናብቶ በሳምንቱ መሪ ማስያዝም ፍርድ አይደለም። ፍርድ ቤት ከእስራቱ ሌላ መንጃ ፈቃድ ማገድ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ በፍጥነት ወይም በስካር ሰው ለገደለ ሹፌር ከእስራቱ ዓመት ይልቅ ከዚያ በኋላ መሪ ሳይነካ የሚቆይበትን ዓመት ማርዘም ይሻላል እላለሁ። የታሰረ ሰው ይፈታል፤ ሲፈታ በዚያው ልማድ መንገድ ላይ ከወጣ ግን ምን ተጠቀምን?

ስለ ባለንብረቱ ሳልናገር ባልፍ ግማሹን ነገር እንደ ደበቅሁ ይቆጠራል። ሹፌሩ ለምን ይሮጣል? ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በምልልሱ ስለሆነ ነው። «ዛሬ ማታ ካልገባህ ነገ ሌላ ሹፌር አለ» የሚለው ባለንብረት ከአደጋው ቦታ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተኝቷል። ፍሬኑ እንዲሠራ ሲለመን «በሚቀጥለው ጉዞ» ያለውም እሱ ነው። ያ ወጊ በሬ የማን ነው? ባለቤቱስ አልተነገረውም? ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና አካባቢ የሠርግ እድምተኛ የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በእኛው ክልል በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ ወዲያው «ሹፌሩ ምን ሆነ?» እንላለን። ለዕቃ በተሠራ መኪና ላይ ሰው እንዲጫን ማን ፈቀደ፣ በኬላው ማን አሳለፈው ብለን ግን አንጠይቅም። እኛም ራሳችን ለገበያ ስንቸኩል በበቆሎው ጆንያ ላይ ወጥተን እንቀመጣለን፤ ሹፌሩ እምቢ ቢለን እንሰድበዋለን።

በካሳ በኩል ግን ሕጉ ባለንብረቱን አልለቀቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው የመንዳት ፈቃድ ያልሰጠው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ለሟች ሚስት ወይም ባል፣ ለልጆቹ፣ ለአባትና ለእናቱ ደግሞ ቁጥር 2095 ቀለብ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎጆ የሚያቆመው ቀለቡ እንጂ የሹፌሩ መታሰር አይደለም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ግን ካሳው ሊቀንስ፣ ሊቀርም ይችላል።

ከዚህ ሌላ ስለ ሐዘን የሚከፈል የሕሊና ካሳ የሚባል አለ። በዚያው ሕግ ቁጥር 2116 ይህ ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ስንት በሬ እንደሚገዛ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ዛሬ ለአንድ እናት ሐዘን አንድ ሺህ ብር ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ለመናገር ሕግ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቢሻሻል ይሻላል።

የመድን ነገርም አለ። ማንኛውም መኪና መንገድ ላይ ሲወጣ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ ከፍ ብሏል። ገጭቶ ላመለጠና ለማይታወቅ መኪና ደግሞ መንግሥት ያቋቋመው የመድን ፈንድ አለ፤ ተጎጂ ቤተሰብ ከዚያ ሊጠይቅ ይችላል። ከመድን የተገኘው ገንዘብ የጉዳቱን ያህል ካልሆነ ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ታዲያ ስንቱ ቤተሰብ ይህን ያውቃል? አንዳንዱ የተሰጠውን ጥቂት ብር ተቀብሎ፣ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ይሄዳል። ወረቀቱ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ይላል፤ እሱ ግን የተቀበለበት ደረሰኝ ይመስለዋል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ልጃችሁ ማንበብ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ያንብብላችሁ።

አሁን ስለ ሽምግልና ልናገር፤ ጎጃም ላይ ቆሞ ስለ ደም እየተናገሩ ሽምግልናን መዝለል አይቻልም። ሹፌሩ ወይም ዘመዶቹ ሽማግሌ ይልካሉ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅም አለ። ይህ ወግ የከበረ ወግ ነው። ደመኛ ሆኖ ከመኖር፣ ልጅ ለልጅ ቂም ከማውረስ ያድናል። ሕጉም አይንቀውም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82፣ ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ተጎጂውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ ራሱ ሄዶ እጁን የሰጠ ወይም በተቻለው ሁሉ ጉዳቱን የካሰ እንደሆነ ቅጣቱ እንዲቀልለት ይላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይቀልለታል እንጂ ይቀርለታል አይልም። የነፍስ ነገር የቤተሰቡ ብቻ አይደለም። ዕርቁ የእናንተ ነው፤ ክሱ ግን የሕዝብ ነው። «ታርቀናል» ብሎ ምስክርን መከልከል፣ ነገ በዚያው ሹፌር ለሚገደለው ለሌላው ሰው ልጅ መፍረድ ነው። ሽማግሌውም ቢሆን ዕርቁን በእንባ ብቻ አይጨርሰው። ለልጆቹ በየወሩ ምን እንደሚከፈል፣ ስንት ዓመት እንደሚከፈል ያስጽፍ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ሹፌር ሰው ገጭቶ ሲሸሽ እንራገመዋለን። መራገሙስ ልክ ነው፤ የቆሰለን ሰው ጥሎ መሄድ በሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ደም እየፈሰሰው የተጣለ ሰው በወቅቱ ቢነሣ የሚተርፍ ሊሆን ይችላል። ግን ለምን ይሸሻል ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። አንዳንዱ ቅጣት ፈርቶ ነው። አንዳንዱ ግን ዱላና ድንጋይ ይዞ የሚሰበሰበውን ሰው ፈርቶ ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ ፖሊስ ሳይደርስ ሹፌር የሚደበደብበት ቦታ አለ። አባቱ መኪና ውስጥ አብሮት ቢኖር አባቱም አይቀርለትም። ቅድም ያነሣሁት የኦሪት ከተማ ለዚህ ነበር የተሠራው፤ የተቆጣ ዘመድ ደርሶ ሳይመረመር እንዳይገድለው። የዛሬው የመማጸኛ ከተማ ፖሊስ ጣቢያው ነው። ሹፌሩ ቆሞ ቁስለኛውን እንዲያነሣ ከፈለግን፣ ቆሞ ቢገኝ እንደማይገደል ማወቅ አለበት። የሟች አጎት ድንጋይ ሲያነሣ እጁን የሚይዝ ጎረቤት ለሹፌሩ ብቻ አይደለም የሚያዝንለት፤ ለሚቀጥለው ቁስለኛም ጭምር ነው።

ለመንገደኛም አንድ ቃል ልበል፤ አጭር ነው። አስፋልት ዳር ስትሄዱ ግራችሁን ያዙ፤ የሚመጣባችሁ መኪና ፊት ለፊት ይታያችኋል። ማታ ነጭ ልብስ ይሻላል። ከብት አስፋልት ላይ አታሳድሩ። ይህን ማለቴ ጥፋቱን ወደ ሟች ለማዞር አይደለም። ሕፃንና ከብት ደንብ አያውቁም፤ ደንብ አውቆ ፈቃድ የተቀበለው መሪ የያዘው ነው።

የመጨረሻው ነገር ምስክርነት ነው፤ ብዙ ክስ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ቁስለኛው ይነሣ። ከዚያ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ መኪናውን፣ የጎማውን ጭረት፣ የተሰበረውን መስታወት አትነካኩ፤ ፖሊሱ ንድፍ የሚሠራው በዚያ ነው። ጭረቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ሲለካ መኪናው ምን ያህል ይሮጥ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ሹፌሩ «በ30 ነበር የምነዳው» ቢል አስፋልቱ ይመሰክርበታል። ያየ ሰው ያየውን ብቻ ይናገር፤ የሰማውን አይጨምር። «ሲበር መጣ» ከማለት «ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ሌላ መኪና ቀድሞ መጣ» ማለት ይበልጣል።

መኪናው ካመለጠ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ አንድ ሥራ አለበት። በሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ያንብብ፤ ወዲያው በወረቀት፣ ወረቀት ከሌለ በስልኩ፣ ስልክ ከሌለ በመዳፉ ይጻፈው። የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ ወደ ቡሬ ነው ወይስ ወደ ፍኖተ ሰላም የሄደው፣ ስንት ሰዓት ነበር የሚለውን ይጨምርበት። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይስጥ፤ ቃሉ ሲጻፍም ተነቦለት ይፈርም። የሟች ቤተሰብ ደግሞ የሐኪም ማስረጃውንና የፖሊስ ሪፖርቱን ግልባጭ ይያዝ። የካሳ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ተዝካር እስኪወጣ፣ አዝመራ እስኪገባ፣ ሽማግሌ እስኪመለስ ሲባል ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። ካሳውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ወይም ለብቻው መጠየቅ ይቻላል፤ ዓቃቤ ሕጉን ጠይቁት።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ከሹፌሮች ወገንም የሚናገር ካለ ይናገር፤ ከኋላ የተቀመጣችሁትን አይቻችኋለሁ።